ክሪፕቶ ወደ ተሳሳተ አድሬስ እንዳይሄድ፣ ከሄደም ከየት ጀምሮ እንደሚፈለግ

ቴሌብር ላይ ስልክ ቁጥር ስታስገቡ ገንዘቡ ከመሄዱ በፊት የተቀባዩ ስም ብቅ ይላል። የባንክ አፕም እንደዚያው፦ የሒሳብ ቁጥሩን ስትጽፉ የባለቤቱን ስም ያሳያችኋል፤ የማታውቁት ስም ከመጣ እጃችሁን ትሰበስባላችሁ። የክሪፕቶ ዝውውር የሚመዘገብበት የጋራ መዝገብ፣ ብሎክቼይን ላይ ግን ስም የሚባል ነገር የለም። አድሬሱ (ገንዘቡ የሚላክበት የፊደልና የቁጥር ሰንሰለት) አጻጻፉ እስከተስተካከለ ድረስ የማን እንደሆነ፣ ባለቤት ይኑረው አይኑረው የሚጠይቅ የለም። ከሄደ በኋላም ደብረ ማርቆስ ያለ ቅርንጫፍ ገብታችሁ «በስህተት ነውና አግዱልኝ» የምትሉት ሠራተኛ አታገኙም።

ስለዚህ ስሙን የማረጋገጡ ሥራ የላኪው ነው። ከታች ካለው ግማሹ ስለዚሁ ሥራ ነው። ቀሪው ስህተቱ ከተፈጸመ በኋላ ለሚመጣው ነው፤ እዚያ ላይ ደግሞ ትልቁ ቁም ነገር ገንዘቡ የት እንደቆመ ለይቶ ማወቅ ነው። «ጠፋ» የተባለው ገንዘብ አንዳንዴ ጨርሶ አልተላከም፤ አንዳንዴ በላኪው በራሱ ዋሌት (ክሪፕቶ በሚያዝበት አፕ) ውስጥ በሌላ ኔትወርክ ተቀምጧል፤ አንዳንዴ ኤክስቼንጁ (ክሪፕቶ የሚገዛበትና የሚሸጥበት ድርጅት) ጋር ባለቤቱ ሳይለይ ቆሟል፤ አንዳንዴ በእርግጥም ሄዷል። አራቱም የየራሳቸው መድኃኒት አላቸው፤ ለአንዱ የሚሆነውን ለሌላው ማድረግ የቀረውንም ያስበላል።

አድሬሱን በመልኩ መለየት

ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር እኩል እንዲሆን የተሠራው ክሪፕቶ) በስም አንድ ቢሆንም የሚሄድበት መንገድ፣ ኔትወርክ የሚባለው፣ ብዙ ነው። ከባሕር ዳር ወደ ደጀን በዳንግላና በደብረ ማርቆስ ዞሮ መድረስ ይቻላል፤ በሞጣና በቢቸና አቋርጦም ይቻላል። ሞጣ መንገድ ላይ ቆሞ የሚጠብቃችሁ ሰው ግን በዳንግላ በኩል ያለፈውን እንግዳ አያይም። ኔትወርክም እንዲሁ ነው፤ ላኪና ተቀባይ በአንድ መንገድ ካልተቃጠሩ ገንዘቡ ደርሶም «አልደረሰም» ይባላል።

የትሮን አድሬስ (ቲአርሲ20 የሚባለው) በትልቁ «ቲ» ይጀምራል፤ ርዝመቱ 34 ፊደልና ቁጥር ነው። የኢተሪየም (ኢአርሲ20) በ«ዜሮ ኤክስ» ይጀምራል፤ ሁሉም ሲቆጠር 42 ነው። ቢትኮይን በ1፣ በ3 ወይም በ«ቢሲ1» ይጀምራል። የቶን አድሬስ 48 ሲሆን ብዙ ጊዜ መነሻው «ዩኪው» ወይም «ኢኪው» ነው። ሶላና ቋሚ መነሻ የለውም፤ ከ32 እስከ 44 ይረዝማል።

አደጋው ያለው «ዜሮ ኤክስ» ላይ ነው። ኢተሪየም፣ ቢኤንቢ ስማርት ቼይን (ቤፕ20)፣ ፖሊጎን፣ አርቢትረም፣ ቤዝ ሁሉም የሚጠቀሙት ያንኑ ባለ 42 አድሬስ ነው። በትሮን አድሬስ ላይ የኢተሪየም ኔትወርክ ብትመርጡ አፑ «አድሬሱ ትክክል አይደለም» ብሎ ይመልሳችኋል። በዜሮ ኤክስ አድሬስ ላይ ቤፕ20ን በኢአርሲ20 ፈንታ ብትመርጡ ግን ምንም ሳይል ይልከዋል፤ ለእሱ ሁለቱም ትክክል ናቸውና።

አንድ ፊደል መሳሳትን በተመለከተ ሰው የሚፈራውን ያህል አደጋ የለም። የትሮንና በ1 ወይም በ3 የሚጀምሩት የቢትኮይን አድሬሶች መጨረሻቸው ላይ ማረጋገጫ ቁጥር አላቸው፤ በአጋጣሚ የተሳሳተ አድሬስ ያንን ማረጋገጫ የሚያልፈው ከ4 ቢሊዮን ጊዜ አንዴ ገደማ ነው። ፊደሎቹም ሲመረጡ ዜሮ፣ ትልቁ «ኦ»፣ ትልቁ «አይ» እና ትንሹ «ኤል» እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ ወጥተዋል። ኢተሪየም ላይ ማረጋገጫው የተደበቀው በትልቅና በትንሽ ፊደል ቅይጥ ውስጥ ነው። አንድ ሰው ሁሉንም በትንሽ ፊደል ጽፎ ከላከላችሁ ያ ማረጋገጫ የለም ማለት ነው፤ አንድ ፊደል ብትዛነፍም ዋሌቱ ዝም ብሎ ይቀበላል። እንዲህ ያለ አድሬስ ከመጣ ከዋሌቱ እንደገና ኮፒ አድርጎ እንዲልክ ንገሩት።

አድሬስ በስልክ ተነብቦ፣ በወረቀት ተጽፎ አይላክም። ዳታ ጠፍቶ በድምፅ ብቻ ከሞጣ ጋር የምትገናኙ ከሆነ ዳታው እስኪመለስ ጠብቁ። የድምፅ ጥሪ የሚጠቅመው ለማነጻጸር ነው፤ እሱን ከታች እናየዋለን።

ስህተቱ በእርግጥ የሚመጣው ከየት ነው?

ትክክለኛ የሆነ ግን የሌላ ሰው አድሬስ መለጠፍ ዋናው ነው። ከዚህ ውስጥ ተንኮሉ የከፋው አድሬስ መመረዝ የሚባለው ነው። ሌባው ከዚህ በፊት ለማን እንደላካችሁ ብሎክቼይኑ ላይ ያያል። ከዚያ በኮምፒውተር ብዛት ያላቸው አድሬሶች እያመነጨ የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ጥቂት ፊደላት ከላካችሁለት ሰው አድሬስ ጋር የሚገጥም ይፈልጋል። ከእሱ ወደ እናንተ ዜሮ ወይም ኢምንት ገንዘብ ይልካል። አሁን የዋሌታችሁ ታሪክ ውስጥ ገባ። ዋሌቶች አድሬስን አሳጥረው መነሻና መድረሻውን ብቻ ስለሚያሳዩ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። በሚቀጥለው ጊዜ ከታሪኩ ላይ ኮፒ ስታደርጉ የሌባውን ትወስዳላችሁ።

በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. አንድ ባለ ትልቅ ገንዘብ በዚህ መንገድ 1,155 ራፕድ ቢትኮይን (ኢተሪየም ላይ ቢትኮይንን የሚወክል ቶክን)፣ በጊዜው 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ለሌባ ልኳል። ሰውየው ግድየለሽ አልነበረም፤ አስቀድሞ ለትክክለኛው አድሬስ የሙከራ መጠን ልኮ ነበር። የተበላው ሙከራው ከተሳካ በኋላ ዋናውን ሲልክ ነው፤ በመሃሉ የሌባው አምሳያ ታሪኩ ውስጥ ተሰንቅሮ ጠብቆታል። (ሌባው በኋላ አብዛኛውን መልሷል፤ የሰው ሁሉ ዓይን ስለነበረበት ነው፤ የ200 ዶላር ባለቤት ይህን ዕድል አይጠብቅ።) ሙከራ መላክ ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው፦ ሙከራውና ዋናው ከአንድ ቦታ የተቀዳ አድሬስ መጠቀም አለባቸው።

ሁለተኛው ምንጭ ስልኩ ራሱ ነው። ኮፒ ያደረጋችሁትን አድሬስ በሌባው አድሬስ የሚለውጡ ቫይረሶች አሉ። በ2015 ዓ.ም. ኢሴት የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅት ይህን የሚያደርጉ ሐሰተኛ የቴሌግራምና የዋትስአፕ አፖችን ይፋ አድርጓል፤ አንዳንዶቹ ቻቱ ውስጥ የተጻፈውን አድሬስ ሳይቀር ይለውጣሉ። እናንተ የላካችሁትን አድሬስ ተቀባዩ ሌላ አድርጎ ያየዋል፤ ሁለታችሁም የምታዩት የየራሳችሁን ነው። ከጓደኛ በብሉቱዝ ወይም በፋይል የተወሰደ፣ «ፕሪሚየም» የተባለ ቴሌግራም ያለበት ስልክ ላይ ዋሌት አይቀመጥም። ጥገና ቤት ገብቶ አፕ የተጫነበት ስልክም ከዚህ አይለይም።

ሦስተኛው ሜሞ መዘንጋት ነው። ኖትኮይንና ሃምስተር የተባሉት የቴሌግራም ጨዋታዎች፣ የመጀመሪያው በግንቦት 2016፣ ሁለተኛው በመስከረም 2017 ሲከፈሉ ቴሌግራም ላይ ሲነካኩ የከረሙ ብዙ ወጣቶች ለመጀመሪያ ጊዜ ቶን ላይ ወደ ኤክስቼንጅ ላኩ። ቶን፣ ኤክስአርፒ፣ ስቴላርና ኮስሞስ ላይ ኤክስቼንጁ ለደንበኞቹ ሁሉ የሚሰጠው አንድ አድሬስ ሊሆን ይችላል፤ ማን ምን ያህል እንዳስገባ የሚለየው በሜሞው ወይም በታጉ ቁጥር ነው። ሜሞ ከሌለው ገንዘቡ ካዝናው ውስጥ ይገባል፤ በስማችሁ ግን አይመዘገብም። ሰፊ ግቢ ውስጥ ስም ሳይጽፉ ጤፍ አራግፎ እንደመሄድ ነው። በአንጻሩ ከኤክስቼንጅ ወደ ግል ዋሌት ስትልኩ ሜሞ አያስፈልግም፤ ባዶውን ተዉት።

አራተኛው፣ የኮንትራት አድሬስ ላይ መላክ። «የዩኤስዲቲ አድሬስ» ብሎ ኢንተርኔት ላይ ፈልጎ ያገኘውን የሚለጥፍ አለ። ያ አድሬስ ዩኤስዲቲን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም መኖሪያ ነው እንጂ የማንም ዋሌት አይደለም።

አላላኩ

እንበል ደብረ ማርቆስ ተቀምጣችሁ ባሕር ዳር ላለ ሰው 400 ዩኤስዲቲ ልትልኩ ነው።

1. ኔትወርኩን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጥያቄው «አድሬስህን ላክልኝ» አይሁን፤ «በየትኛው ኔትወርክ ትቀበላለህ?» ይሁን። ተቀባዩ የኤክስቼንጁን የዲፖዚት ገጽ ከፍቶ፣ ኮይኑንና ኔትወርኩን መርጦ፣ አድሬሱን፣ ሜሞ ካለ ሜሞውን፣ የኔትወርኩን ስም በጽሑፍ ይላክ። የዚያኑ ገጽ ስክሪንሾት ይጨምርበት። አጠገባችሁ ካለ ኪውአር ኮዱን ስካን አድርጉ፤ ከሁሉም ይሻላል።

2. ለጥፉና አነጻጽሩ። የመጀመሪያዎቹን 6፣ የመጨረሻዎቹን 6፣ ከመሃል ደግሞ ከየትም 4 ፊደላት ተመልከቱ። የመሃሉ ነው ሌባውን የሚያጋልጠው፤ ሙሉ አድሬስ አመሳስሎ ማመንጨት አይችልምና። የመነሻና የመድረሻ ፊደሎችን ብቻ ማየት እሱ የሚፈልገውን ማድረግ ነው።

3. መጠኑ ከበድ ካለ ደውሉ። ድምፁን የምታውቁት ሰው የመሃሉን 4 ፊደላት ያንብብላችሁ፤ ትልቅና ትንሽ ፊደሉን እየለየ። የቴሌግራም አካውንቱ ተሰርቆ ሌላ ሰው አድሬስ ልኮላችሁ ከሆነም እዚህ ላይ ይያዛል።

4. አድሬሱን በስም መዝግቡ። ኤክስቼንጅ ላይ የአድሬስ ማውጫ አለ፤ «ባሕር ዳር፣ ትሮን» ብላችሁ አስቀምጡት። ዋይትሊስት የሚባለውን ብታበሩት ከዚያ ውጪ ወደ ማንም መላክ አይቻልም፤ አዲስ አድሬስ ሲጨመርም አንዳንዱ ኤክስቼንጅ ለ24 ሰዓት ያስጠብቃል። ይህ መዘግየት ያበሳጫል፤ አካውንቱ የተሰበረ ዕለት ግን የሚያድናችሁ እሱ ነው። ብሎክቼይኑ የማይሰጠውን ስም እናንተ የሰጣችሁት እዚህ ላይ ነው።

5. ሙከራ ላኩ፤ 10 ዩኤስዲቲ ይበቃል። ከመላካችሁ በፊት ሁለት ነገር እዩ፦ የላኪው ኤክስቼንጅ ዝቅተኛ የማውጫ መጠን፣ የተቀባዩ ኤክስቼንጅ ዝቅተኛ የማስገቢያ መጠን። ከዝቅተኛው በታች ከላካችሁ ላይመዘገብ ይችላል፤ ሙከራው ራሱ ችግር ይሆናል። ክፍያውን ሁለቴ መክፈል የሚያስቆጫቸው አሉ። ከግል ዋሌት በትሮን የምትልኩ ከሆነ ይህን እወቁ፦ ውስጡ ዩኤስዲቲ ለሌለበት አድሬስ የመጀመሪያው ዝውውር 130 ሺህ ያህል ኢነርጂ (የትሮን ክፍያ የሚሰላበት መለኪያ) ይበላል፤ ሙከራው እዚያው ካለ ሁለተኛው ግማሹን፣ 65 ሺህ ያህል ብቻ። ከባዱን ክፍያ ሙከራው ስለሚሸከመው የሁለቱ ድምር የምትፈሩትን ያህል እጥፍ አይሆንም።

6. ተቀባዩ «ገባ» ካለ በኋላ በስም ከመዘገባችሁት አድሬስ ላይ ቀሪውን 390 ላኩ። ከታሪክ ላይ ኮፒ አይደረግም። በጭራሽ።

7. ኔትወርክ ከተቋረጠ አትድገሙ። በእኛ አካባቢ የሁለት ጊዜ መላክ መንስኤ ይኸው ነው፦ «ላክ» ተብሎ ክቡ ሲሽከረከር ዳታ ይጠፋል፤ አፑ ይዘጋል፤ ሰውየው እንደገና ይልካል። ዳታው ሲመለስ መጀመሪያ ታሪኩን፣ ቀጥሎም የራሳችሁን አድሬስ በኤክስፕሎረር (የብሎክቼይኑን ዝውውሮች ለማንም በሚያሳየው ድረ ገጽ) እዩ። ለትሮን ትሮንስካን፣ ለኢተሪየም ኢተርስካን፣ ለቢኤንቢ ቢኤስሲስካን፣ ለሶላና ሶልስካን ነው። እዚያ ላይ ከሌለ ብቻ ድገሙት።

ሁለታችሁም የአንድ ኤክስቼንጅ ደንበኛ ከሆናችሁ ይህ ሁሉ ጣጣ ሊቀር ይችላል። በደንበኛ መለያ ቁጥር የሚደረግ የውስጥ ዝውውር ብሎክቼይን ላይ አይወጣም፤ ኔትወርክ አይመረጥም፤ ብዙ ጊዜም የተቀባዩን መጠሪያ ያሳያል። ከቴሌብሩ ጋር የሚቀራረበው መንገድ ይህ ነው።

ስልካችሁን ለመፈተን ደግሞ አንድ አድሬስ ኮፒ አድርጋችሁ ማስታወሻ ላይ ለጥፉት፤ ከተቀዳበት ጋር አነጻጽሩት። ጥቂት ሰከንድ ቆይታችሁ እንደገና ለጥፉ። አንዷ ፊደል ከተለወጠች በዚያ ስልክ ምንም አትላኩ፤ ገንዘቡን በሌላ ንጹሕ ስልክ ላይ አዲስ ዋሌት ከፍታችሁ አውጡት።

ተሳስታችሁ ከሆነ፦ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

የትራንዛክሽኑን መለያ ያዙ፤ ሃሽ ወይም ቲኤክስአይዲ ይባላል፤ 64 ፊደልና ቁጥር ያለው ረጅም ሰንሰለት ነው፤ ኢተሪየም ላይ ፊቱ ዜሮ ኤክስ ይጨመርበታል። ዝውውሩን በዝርዝር የሚያሳየው ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ። ኤክስፕሎረር ላይ ለጥፉት፤ ከሦስት አንዱን ያሳያችኋል።

«አልተሳካም» ካለ ደስ ይበላችሁ። ዩኤስዲቲው ከቦታው አልተነቃነቀም፤ የተቃጠለው ክፍያው ብቻ ነው። ትሮን ላይ ብዙ ጊዜ መንስኤው የኢነርጂ ማነስ ስለሆነ «አውት ኦፍ ኢነርጂ» ይላል፤ ዋሌቱ ውስጥ ትሮን ኮይን ጨምሩ።

«በመጠባበቅ ላይ» ካለ ጥቂት ጊዜ አለ። ቢትኮይን ላይ ብሎክ (ዝውውሮች የሚጸኑበት አዲስ የመዝገብ ገጽ) የሚወጣው በአማካይ በ10 ደቂቃ ስለሆነ፣ ዝውውሩ በበለጠ ክፍያ ሊተካ የሚችል ሆኖ የተላከ ከሆነ፣ እንደ ኤሌክትረም ባሉ ዋሌቶች ያንኑ ገንዘብ በበለጠ ክፍያ ወደ ራሳችሁ መልሳችሁ መላክ ትችላላችሁ። ኢተሪየም ላይ ሜታማስክ የተባለው ዋሌት «ካንስል» የሚል ቁልፍ አለው፤ የሚሠራው በዚያው ተራ ቁጥር ዜሮ ወደ ራሳችሁ በመላክ ነው፤ ክፍያው ከመጀመሪያው ቢያንስ በ10 በመቶ መብለጥ አለበት። ብሎኩ ግን በ12 ሰከንድ ነው የሚወጣው። ትሮን በ3 ሰከንድ ብሎክ ስለሚያወጣ እዚያ ላይ ይህን መሞከር ጊዜ ማባከን ነው።

ከኤክስቼንጅ ያወጣችሁት ከሆነና ሃሽ ገና ካልወጣ ወዲያው የድጋፍ ቻት ክፈቱ፤ «ሰርዝ» የሚል ካለ ተጫኑ። ሃሹ ከወጣ በኋላ ኤክስቼንጁም እንደ እናንተ ተመልካች ነው።

«ተሳክቷል» ካለ የተቀባዩን አድሬስ ተጫኑና ታሪኩን አንብቡ። የሚያዋጣው ሥራ እዚህ ላይ ነው። አድሬሱ ስም የተለጠፈበት ከሆነ ኤክስፕሎረሩ ይነግራችኋል። ስም ከሌለው ከእሱ የሚወጣው ገንዘብ ወዴት እንደሚሄድ እዩ፤ በገባ ቁጥር ሁሌ ወደ አንድ የታወቀ ኤክስቼንጅ ትልቅ ዋሌት የሚጠራረግ ከሆነ ያ የአንድ ደንበኛ ማስገቢያ አድሬስ ነው። ምንም ታሪክ ከሌለው ወይ አዲስ ዋሌት ነው፣ ወይ ቁልፉ በማንም እጅ የሌለ። «ኮንትራት» የሚል ምልክት ካለበት ደግሞ ፕሮግራም ነው።

እንደየቦታው

የራሳችሁ ዋሌት፣ ሌላ ኔትወርክ። ቀላሉ ይህ ነው። ሜታማስክ ላይ የኢተሪየም አድሬሳችሁን ሰጥታችሁ ገንዘቡ በቤፕ20 ከመጣ አድሬሱ የእናንተ ስለሆነ ገንዘቡም የእናንተ ነው። ቢኤንቢ ስማርት ቼይንን ኔትወርኮቹ ላይ ጨምሩ፤ የዩኤስዲቲውን ቶክን አብሩ፤ ይታያል። ትረስት ዋሌት ላይ ከኮይን ዝርዝሩ ውስጥ ማብራት ብቻ ይበቃል። ለማንቀሳቀስ የዚያን ኔትወርክ ክፍያ የሚሸፍን ጥቂት ቢኤንቢ ያስፈልጋል። ዋሌቱን ስትከፍቱ የተሰጧችሁን 12 ሚስጥራዊ ቃላት «ለማገናኘት» ብሎ የሚጠይቅ ድረ ገጽ ላይ አትጻፉ፤ ለዚህ ሥራ ድረ ገጽ አያስፈልግም።

የራሳችሁ የኤክስቼንጅ አካውንት፣ የተሳሳተ ኔትወርክ ወይም የቀረ ሜሞ። ቁልፉ ያለው በኤክስቼንጁ እጅ ስለሆነ ማውጣት ይችላል፤ ማውጣት መፈለጉ ግን በደንቡ ይወሰናል። እንደ ባይናንስ ያሉ ትልልቆች ለዚህ ራሱን የቻለ የማመልከቻ ቅጽ አላቸው። የምታያይዙት ይህን ነው፦ የደንበኛ መለያ ቁጥር፣ ኮይኑ፣ የተላከበት ኔትወርክ፣ ትክክለኛው መጠን እስከ መጨረሻዋ አሥርዮሽ፣ ሃሹ፣ የገባበት አድሬስ፣ ከላኪው በኩል የዝውውሩ ስክሪንሾት። ገንዘቡን ሌላ ሰው ልኮላችሁ ከሆነ ስክሪንሾቱን ከእሱ ውሰዱ። አንድ ጉዳይ በአንድ ቲኬት ይሂድ፤ በየቀኑ አዲስ ቲኬት የሚከፍት ሰው ራሱን ወደ ሰልፉ መጨረሻ ይመልሳል። ክፍያ ሊኖረው ይችላል፤ መጠኑ ትንሽ ከሆነ ክፍያው ገንዘቡን ሊበልጥ ስለሚችል አስቀድማችሁ አስሉ።

የሌላ ሰው የኤክስቼንጅ አድሬስ። ኤክስቼንጁ ያለ ደንበኛው ፈቃድ አይነካውም፤ ማን እንደሆነም አይነግራችሁም። መልእክት እንዲያደርስላችሁ ግን ጠይቁ።

ኮንትራት። ብዙዎቹ የገባባቸውን መልሶ የሚያስወጣ ትእዛዝ ሳይጻፍላቸው ተለቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ሠሪውም ሊያወጣው አይችልም። ለቶክኑ አውጪ ድርጅት ሃሹን ይዛችሁ ጻፉ፤ ተስፋውን ግን ጠባብ አድርጉት።

የማታውቁት ሰው የግል ዋሌት። ባለቤቱን የምታገኙበት አንድ ቀዳዳ ሰንሰለቱ ራሱ ነው። ትሮን ላይ ጥቂት ትሮን ኮይን ስትልኩ ማስታወሻ መጻፍ ይቻላል፤ ለማስታወሻው 1 ትሮን ኮይን ተጨማሪ ይከፈላል። ኢተሪየም ላይ ዜሮ ልካችሁ ዳታ በሚለው ቦታ ጽሑፍ ታስገባላችሁ። ገንዘቡ በስህተት ከወጣበት ከራሳችሁ አድሬስ ላኩት፤ ባለቤትነታችሁ የሚታወቀው በዚያ ነው። አጭር ይሁን፦ በስህተት የተላከው መጠን፣ የሚመለስበት አድሬስ፣ ለመላሹ የሚቀርለት ድርሻ። ዛቻ አትጻፉ።

የምታውቁት ሰው። በድጋሚ የተላከበት ደንበኛ፣ ወይም ከማውጫው ላይ ተሳስታችሁ የነካችሁት የድሮ ገዢ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ደውሉ፤ ሃሹን ላኩለት፤ ገንዘቡ መድረሱን በጽሑፍ እንዲያምን አድርጉ። ኋላ ክርክር ቢመጣ ያቺ አንዲት መስመር ናት ማስረጃችሁ። እምቢ ካለ ፍኖተ ሰላምም ይሁን ቡሬ ሰውየው ሰፈር የሚከበር ሽማግሌ መላክ ከፍርድ ቤት በፊት የሚያዋጣ መንገድ ነው፤ ብሎክቼይን ለማያውቅ ሽማግሌም «ሁለቴ ከፍዬዋለሁ» ማለት ይገባዋል። ሕጉን በተመለከተ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ያለ አግባብ መበልጸግን በቁጥር 2162፣ የማይገባውን የከፈለ ሰው ማስመለስ እንደሚችል በቁጥር 2164 ይደነግጋል። ይህን ይዞ የሚሄድ ሰው ሌላውንም ይወቅ፦ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ በክሪፕቶ ክፍያ መፈጸም በአገሪቱ ሕጋዊ እንዳልሆነ አስታውቋል። ጠበቃ ሳታማክሩ አቤቱታ አትጻፉ።

የማስመለስ ሌቦች

ጉዳያችሁን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ በጻፋችሁ በደቂቃዎች ውስጥ «እኔ አስመልስልሃለሁ» የሚል ይመጣል። የተረጋገጠን ትራንዛክሽን ወደ ኋላ የሚመልስ «ሃከር» የለም። ቅድሚያ ክፍያ፣ 12ቱን ቃላት፣ ወይም ስልካችሁን ከሩቅ የሚቆጣጠር አፕ ከጠየቀ ሌባ ነው። የኤክስቼንጅ ድጋፍ ሠራተኛም በግል ቴሌግራም ቀድሞ አይጽፍላችሁም።

አንዱ ወጥመድ በተለይ የሚይዘው ብልጥ ነኝ የሚለውን ነው። አንድ ሰው «አልገባኝም፣ እርዱኝ» ብሎ የዋሌቱን 12 ቃላት በግልጽ ይለጥፋል። ስትከፍቱት ብዙ ዩኤስዲቲ አለው፤ የትሮን ክፍያ ብቻ ነው የጎደለው። ክፍያውን ስትጨምሩ ዩኤስዲቲው አይንቀሳቀስም፤ የዋሌቱ ፈቃድ በሌላ ቁልፍ ፊርማ የታሰረ ነውና። የላካችሁት ትሮን ኮይን ግን ወዲያው ይጠፋል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው ይህ ነው።

ስርቆት ከሆነ

በመመረዝ ወይም በቫይረስ የተወሰደ ገንዘብ ስህተት ሳይሆን ወንጀል ነው፤ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። ፖሊስ ጣቢያ ስትሄዱ ታሪኩን በቀንና በሰዓት አሳጥራችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ። ሃሹንና የሌባውን አድሬስ አሳትሙ፤ ከእያንዳንዱ አጠገብ ኪውአር ኮዱን አስገቡ። 64 ፊደል ከወረቀት ላይ በእጁ የሚጽፍ መርማሪ አይኖርም፤ ቢጽፍም አንዷ ትሳሳታለች፣ ለኤክስቼንጁ የሚጽፈው ደብዳቤም ከንቱ ይሆናል። ትልልቅ ኤክስቼንጆች ለሕግ አስከባሪ አካላት ብቻ የተከፈተ የጥያቄ መቀበያ አላቸው፤ የዩኤስዲቲ አውጪው ቴዘርም በሕግ አካል ጥያቄ አድሬስ የማገድ ሥልጣኑ ኮንትራቱ ውስጥ አለው። እናንተ ብቻችሁን ብትጽፉ መልሱ «በፖሊስ በኩል ይምጣ» ነው፤ ስለዚህ የመዝገብ ቁጥሩን ሳትይዙ ከጣቢያው አትውጡ።

ሃሹን የያዛችሁበትን ስልክ ፎርማት አታስደርጉ፤ ማስረጃው እዚያ ውስጥ ነው። እንደ ኢተርስካን ባሉ ኤክስፕሎረሮች ላይ በኢሜይል አካውንት ክፈቱና የሌባውን አድሬስ ወደ መከታተያ ዝርዝር አስገቡ፤ ገንዘቡ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ኢሜይል ይደርሳችኋል። ለሳምንታት ዝም ሊል ይችላል። አንድ ቀን ስም ወደተለጠፈበት የኤክስቼንጅ ዋሌት ሲገባ የአዲሱን ዝውውር ሃሽ በዚያው ቀን አሳትማችሁ፣ የመዝገብ ቁጥሩን ከላይ ጽፋችሁ፣ ለያዘው መርማሪ በእጁ ስጡት።